«የቤት ሥራ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብኩት ስለ አንዲት ቃል ነው። ቃሊቱም እንግዳ አይደለችም፤ ከጧት እስከ ማታ ከአፋችን የማትጠፋ፥ ከመልመዳችን የተነሣም ትርጉሟን ጠይቀን የማናውቅ ቃል ናት። ይህችውም «ሥራ» የምትባለው ናት፤ ይልቁንም «የቤት ሥራ» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ ነው የምጽፍላችሁ። ነገሩን እንድመረምር ያደረገኝ መጽሐፍ ሳይሆን አንዲት ተማሪዬ ናት። በዚያች ተማሪ ላይ የፈጸምኩትን ስሕተት ሸሽጌ ስለ ቃሉ ብቻ ብጽፍ እናንተን ማታለል ስለሚሆንብኝ ከዚያው እጀምራለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወጥቼ አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ ይህ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ቀን የቀን ተማሪዎችን፥ በሳምንት ሦስት ምሽት ደግሞ የማታ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። የማታ ትምህርት የሚጀመረው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ተማሪዎቹ ሲሠሩ ውለው የሚመጡ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ሊስትሮ አለ፥ ዘበኛ አለ፥ የግንበኛ ረዳት አለ፤ የሚበዙት ግን በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ልጃገረዶች ናቸው። እንቅልፍ ያዳፋቸዋል፥ እጃቸው ብርዕ ለመያዝ ይደነዝዛል፤ ነገር ግን እንደ ማታ ተማሪ የትምህርትን ዋጋ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ለዘጠነኛ ክፍል የማታ ተማሪዎቼ አንድ ገጽ ድርሰት ጽፈው እንዲመጡ አዝዤ ነበርና፥ በቀጠሮው ምሽት ገና እንደ ገባሁ «የቤት ሥራችሁን አውጡ» አልኩ። በየወንበሩ እየዞርኩ ስመለከት በሦስተኛው ወንበር የተቀመጠችው ልጅ ባዶ ገጽ ገልጣ አገኘኋት። እንዲህ ስታደርግ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ «የቤት ሥራሽን ለምን አልሠራሽም?» ብዬ ጠየቅኋት። እርሷም አንገቷን ደፍታ «የቤት ሥራዬንማ ጨርሼ ነው የመጣሁት፥ መምህር» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ አውካካ።

ወጣት መምህር ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው መሣቂያ መሆንን ነው። እኔም ልጅቱ ያላገጠችብኝ መስሎኝ «ውጪ!» አልኳት። ደብተሯን አጥፋ ነጠላዋን ሰብስባ፥ ምንም ሳትመልስልኝ ወጣች። ትምህርቱን ቀጠልኩ፤ ተማሪዎቹ ግን ከዚያ ወዲያ አልሣቁም፥ ጥያቄም አልጠየቁም።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስወጣ ልጅቱን በግቢው በር አጠገብ ቆማ አገኘኋት። «ለምን ወደ ቤትሽ አልሄድሽም?» ብላት «ቶሎ ከተመለስኩ ትምህርት ከሌለሽ ለምን ትወጫለሽ ይሉኛል» አለችኝ። ከዚያም አብረን ጥቂት መንገድ ስንሄድ ጠየቅኋት፥ ነገረችኝም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሣለች። ቁርስ ሠርታ፥ ሕፃናቱን አልብሳ፥ ትምህርት ቤት አድርሳ ትመለሳለች። ቤት ትጠርጋለች፥ ልብስ ታጥባለች፥ ምሳ ታቀርባለች፥ ዕቃ ታጥባለች፥ ቡና ታፈላለች፥ ሕፃናቱን ታመጣለች፥ የራቱን ወጥ ጥዳ ወደ ትምህርት ቤት ትሮጣለች። በዚያ ምሽት የተናገረችው ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነበር። የቤት ሥራዋን ጨርሳ ነበር የመጣችው። የተሣሣትኩት እኔ ነበርኩ፤ ስሕተቴም ቃሉ ሁለት ትርጉም እንዳለው አማርኛ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ መዘንጋቴ ነው።

በማግሥቱ በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃልኝም፤ «ሥራ» የምትለዋን ቃል እንደ አዲስ አደምጣት ጀመር።

እስቲ እናንተም ከእኔ ጋራ አድምጡ። ሊቃውንት «ሠራ» የሚለውን የአማርኛ ግሥ ከግዕዙ «ሠርዐ» ጋራ ያዛምዱታል። ሠርዐ ማለት አዘጋጀ፥ ደነገገ፥ በየወገኑ አሰናዳ ማለት ነው፤ «ሥርዓት» የተባለውም ቃል ከዚያው ይወጣል። እንግዲህ በጥንተ ነገሩ ሥራና ሥርዓት እኅትማማች ናቸው፤ ሥራ ማለት የተበተነውን መሰብሰብ፥ የተዘበራረቀውን በቦታው ማኖር ነው። ግዕዝ ለሥራ የሚለው ሌላው ቃል ደግሞ «ገብረ» ነው። ከእርሱም ተግባር፥ ምግባር፥ ግብርና፥ ገበሬ፥ እንዲሁም ግብረ ገብ የሚባሉት ተወልደዋል። አባቶቻችን ስለ ሥራ ሲናገሩ ስለ መልካም ጠባይም መናገራቸው ነበር ማለት ነው። ዛሬም «ሥራው ያውጣው» ስንል ስለ ደመወዙ ሳይሆን ስለ ምግባሩ መናገራችን ነው።

ታዲያ ቃሉ እንዲህ ሰፊና የተከበረ ሆኖ ሳለ በዕለት ንግግራችን ለማን እንደምንሰጠውና ለማን እንደምንነፍገው ተመልከቱ። ሁለት ሴቶች በቡና ላይ ሲጫወቱ «ሚስቱ ሥራ አላት?» «የለም፥ ቤት ነው የምትውለው» ይባባላሉ። ይህን የሚባባሉት እጃቸው ላይ ሽንኩርት እየከተፉ ነው! ሰው ሥራ ሲያጣ «ሥራ ፈት» እንለዋለን፤ «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለውንም ተረት ሁላችን እናውቀዋለን። በዚህ ተረት መሠረት ከሥራ መፋታት የሚያሳፍር ነገር ነው። ነገር ግን ከሌሊት እስከ ሌሊት ከምጣድ ያልተፋታችውን ሴት «ሥራ የላትም» እንላለን።

«ባለሙያ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ወንዱን ባለሙያ ስንለው ሐኪም ወይም መሐንዲስ መሆኑን እንገምታለን፤ ሴቲቱን ባለሙያ ስንላት ግን ዶሮ ወጧ የሚጥም ማለታችን ነው። ልዩነቱ የወንዱ ሙያ ደመወዝ ሲኖረው የሴቲቱ ምስጋና ብቻ ያለው መሆኑ ነው፤ ምስጋናውም የሚገኘው ወጡ በጣመ ቀን ነው። ባማረረ ቀን ግን ሠሪዋ ወዲያው ትታወቃለች።

በቀድሞው ዘመን በትልልቅ ቤቶች እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ሰውና የራሱ ስም ነበረው። እንጀራ ጋጋሪ፥ ወጥ ቤት፥ ጠጅ ጣይ፥ ውኃ ቀጂ፥ እንጨት ለቃሚ፥ ፈጪ፥ አሳላፊ ይባል ነበር። «ወጥ ቤት» የሚለው ስም የክፍሉም የሴቲቱም ስም ነበር። የሥራው መከፋፈል ቢያንስ አንድ ጥቅም ነበረው፤ የሥራውን ብዛት ያሳይ ነበር። ዛሬ እነዚያን ሁሉ ስሞች ወስደን በአንዲት ሴት ላይ ጫንናቸውና፥ ሲደመሩ ይበልጣሉ ስንል «ምንም አትሠራም» የሚል ሆኑ።

እኔ ራሴ የዚህ ነገር ምስክር ነኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስጀምር የሞላሁት ቅጽ «የእናት ሥራ» የሚል መስመር ነበረው። ብዙም ሳላስብ «የላትም» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ ማንበብ አትችልምና ቅጹን አገላብጣ እያየች «ስለ እኔ ምን አልክ?» አለችኝ። «ስምሽን ነው የጻፍኩት፥ እማዬ» አልኳት። ውሸት መናገሬን ያን ጊዜ አላወቅሁትም ማለት አልችልም፤ አፍሬ ነበርና ነው የዋሸሁት። ያን ዕለት ቅጹን የሞላሁበት ጠረጴዛ በእርሷ እጅ የተወለወለ ነበር፤ የለበስኩት ሸሚዝ በእርሷ እጅ የታጠበ ነበር፤ ለትምህርት ቤት የተቋጠረልኝም ምሳ እርሷ ከመንጋቱ በፊት የሠራችው ነበር።

የሥራውን ልክ ያወቅሁት ዘግይቼ፥ ለብቻዬ ቤት ተከራይቼ መኖር ስጀምር ነው። እንጀራ እገዛለሁ፤ ነገር ግን ወንድ ልጅ ምን ያቅተዋል ብዬ አንድ ጊዜ ራሴ ልጋግር ተነሣሁ። ሰኞ የሚበላው እንጀራ ሥራው የሚጀመረው ዓርብ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጤፉ ይበጠራል፥ ይፈጫል፥ ዱቄቱ ይነፋል። ከዚያ በእርሾ ይቦካል። ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ከላይ ያቀረረው ውኃ ይደፋል፤ ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውኃ ይበስልና አብሲት ሆኖ ተመልሶ ይጣላል። ሊጡ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። ምጣዱ ይጣዳል፥ በጎመን ዘር ይታሰሳል፤ ሊጡ ከዳር እስከ መካከል እየተዞረ ይፈሳል፥ ዓይን ሲያወጣ ይከደናል፥ በሰፌድ ይወጣል። የእኔዎቹ አንዱ ተቀደደ፥ አንዱ አረረ፥ የቀሩት ዓይን አላወጡም። እናቴ ይህን በሳምንት ሁለት ጊዜ፥ ጭሱ ዓይኗን እያቃጠለው፥ ለሰባት ሰው ታደርገው ነበር። እኔም በቅጽ ላይ «የላትም» ብዬ ፈረምኩባት።

አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ የቃል ጨዋታ ነው፤ ቃሉ ቢለወጥ ሊጡ በራሱ ይቦካል ወይ?» ይለኝ ይሆናል። የሥራ ባልደረባዬም እንዲሁ ብሎኛል። እኔ ግን የቃል ነገር ብቻ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ቃል ወደ ሕግና ወደ ሒሳብ ይገባል።

ወደ ሕግ እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎ፥ ባል ለሚስቱ አገልጋዮች ለመቅጠር አቅም ያላገኘ እንደ ሆነ የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ እንዳለባት ይደነግግ ነበር። አስተውሉ፤ ሕጉ ሥራውን ሥራ መሆኑን አልካደም። የሠሪውንም ማንነት ቈርጦ ተናግሯል፤ አገልጋይ ወይም ሚስት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ይህን ለውጦ ባልና ሚስት በቤተ ሰብ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሕጉ ከተለወጠ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ በጓዳችን ግን የሚሠራበት ያው የ1952ቱ ይመስላል።

ከዚህ የባሰው የ«ሠራተኛ» ነገር ነው። በከተማችን «ሠራተኛ አለሽ ወይ?» ስትባል ሴት ስለ ፋብሪካ ሠራተኛ የተጠየቀች አይመስላትም፤ ስለ ቤት ሠራተኛ መሆኑን ወዲያው ታውቃለች። ስለዚህ በዕለት ንግግራችን «ሠራተኛ» የሚለውን ስም ያለ ምንም ቅጽል የምትጠራበት የቤት ሠራተኛዋ ናት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 «የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ» ይባላል። ነገር ግን ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠሩትን አይመለከትም፤ የእነርሱን ነገር ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ስለዚህ ሁላችን ሠራተኛ ብለን የምንጠራት ልጅ ሠራተኛ በሚለው አዋጅ ውስጥ የለችም። የሥራ ሰዓት ይህን ያህል ነው፥ የሳምንት ዕረፍት ይህን ያህል ነው የሚለው ድንጋጌ ለእርሷ አይደርሳትም። ተማሪዬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስትነሣ የሚቈጥርላት የለም።

ወደ ሒሳብም ብንሄድ እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው የኤኮኖሚ ሊቅ አርተር ፒጉ በ1920 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ያመለከቱት አንድ አስገራሚ ነገር አለ፤ አንድ ሰው በደመወዝ ቀጥሮ ቤቱን የምታስተዳድርለትን ሴት ቢያገባት የአገሪቱ ገቢ ይቀንሳል። ሴቲቱ ያንኑ ቤት ትጠርጋለች፥ ያንኑ ወጥ ትሠራለች፤ ደመወዝ ስለ ቀረ ግን ሥራዋ ከሒሳቡ ይወጣል። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፥ ነገር ግን እስከ ዛሬ የአገሮች የገቢ ሒሳብ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ደግነቱ ሊቃውንቱም ቃሉን ማረም ጀምረዋል። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ በጄኔቭ የተሰበሰቡት የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች፥ ሰው ለራሱም ሆነ ለሌላው የሚጠቅም ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚያስገኝ ተግባር ሁሉ፥ ቢከፈልበትም ባይከፈልበትም፥ «ሥራ» ተብሎ እንዲጠራ ወስነዋል። በአገራችንም በ2005 ዓ.ም. ሰዎች የቀናቸውን ሰዓት በምን በምን እንደሚያሳልፉት የሚጠይቅ አገር አቀፍ ጥናት ተደርጓል። የአብሲት ሰዓት መቈጠር ጀምሯል ማለት ነው።

እኔም በበኩሌ የማደርገውን ፈለግሁ። ለቀን ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፦ «ዛሬ ጧት ከእንቅልፋችሁ ከተነሣችሁ ጀምሮ ትምህርት ቤት እስክትደርሱ ድረስ በቤታችሁ የተሠራውን ሥራ ሁሉ ዘርዝሩ።» በማግሥቱ ደብተሮቹን ሰብስቤ ሳነብ የሴቶቹ ዝርዝር ረጅም፥ የወንዶቹ አጭር ሆኖ አገኘሁት። አንዱ ወንድ ልጅ አምስት መስመር ብቻ ጽፏል፦ ሻይ ፈላ፤ ቤት ተጠረገ፤ ዳቦ ተቈረሰ፤ ልብስ ተተኰሰ፤ ምሳ ተቋጠረ። በሰዋስው ረገድ አንድ ስሕተት አልነበረበትም። ነገር ግን አድራጊ የለም! ሻዩ ፈላ እንጂ ማንም አላፈላውም፤ ቤቱ ተጠረገ እንጂ ማንም አልጠረገውም። ልጁን አስነሥቼ «ማን አፈላው? ማን ጠረገው?» እያልኩ አምስቱን ጠየቅሁት። አምስቱንም ጊዜ «እናቴ» አለ፤ በአምስተኛው ጊዜ ግን ድምፁ ቀንሶ ነበር። ስለ አድራጊና ስለ ተደራጊ ግሥ ያስተማርኩት ከዚያ የተሻለ ትምህርት የለኝም።

በዘንድሮው የፋሲካ በዓል ወደ አገር ቤት ስሄድ እናቴን ወደ ባንክ ወሰድኋት፤ የምልክላትን ጥቂት ገንዘብ የምታኖርበት ደብተር እንድታወጣ አስቤ ነበር። ጸሐፊዋ ትሑት ልጅ ናት፤ ቅጹን እየሞላች «ሥራዎ ምንድን ነው፥ እማማ?» አለቻት። እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ ተመለከተችና «ሥራ እንኳ የለኝም» አለች። ጸሐፊዋም «የቤት እመቤት» ብላ ልትጽፍ ስትል እኔ ጣልቃ ገብቼ «ሥራማ አላት» አልኩ። ምን ብላ እንደምትጽፍ ጠየቀችኝ። አንባቢዎቼ፥ እውነቱን ልንገራችሁ፤ መልስ አጣሁ። አማርኛ አስተማሪ ነኝ፥ እናቴን የሚመጥን አንድ ቃል ግን አላገኘሁም። «እመቤት» ማለት የቤት እናት፥ የቤት ጌታ ማለት ነው፤ ቃሉ ያማረ ነው፥ ነገር ግን ተቀምጣ የምትታዘዝ እንጂ ቆማ የምታገለግል አያስመስላትም። መጨረሻው ጸሐፊዋ ያለችውን ጻፈች።

ከባንኩ ስንወጣ ለእናቴ ያን የድሮውን ቅጽ ነገር ነገርኳት፤ «ስምሽን ነው የጻፍኩት» ያልኩት ውሸት መሆኑን ተናዘዝኩ። ጥቂት ዝም ብላ ሄደችና «አውቄዋለሁ እኮ፥ ስሜ እንደዚያ አጭር አይደለም» አለችኝ። ከዚያም በሬ እንዳያመልጠን ሥጋ ቤት ቶሎ እንድረስ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ቀደመችኝ።

ስለ ማታ ተማሪዬም ሳልነግራችሁ አላበቃም። ከዚያ ምሽት በኋላ የማታ ተማሪዎቼ የሚሰጣቸውን ድርሰት በክፍል ውስጥ፥ ከትምህርቱ መጨረሻ በተቀነሰ ግማሽ ሰዓት እንዲጽፉ አደረግሁ። ልጅቱም መጻፍ ጀመረች፤ የመጀመሪያው ድርሰቷ ስለ አገሯ የክረምት ወንዝ ነበር፥ በክፍሉ ፊትም አነበብኩላት። በዓመቱ መጨረሻ ፈተናዋን አልፋለች። በመስከረም ግን ስሟ ከመዝገቡ ላይ አልነበረም። ጓደኛዋን ብጠይቃት አሠሪዎቿ እንግዳ ስለሚበዛባቸው ማታ ማታ መውጣቷን እንዳልወደዱት ነገረችኝ። አሠሪዎቿ ክፉ ሰዎች ናቸው አልልም፤ አላውቃቸውምና። ምናልባት እንደ እኔ፥ በየዕለቱ የሚሉትን ቃል ሳያደምጡት የሚናገሩ ሰዎች ይሆናሉ።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፥ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ከቤታችሁ ሠራተኛ ያለቻችሁ፥ መማር የምትፈልግ እንደ ሆነ፥ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ደብተሯን ይዛ እንድትወጣ ፍቀዱላት፤ የቀረውን ዕቃ አንድ ምሽት እናንተ ብታጥቡት አይሰበርም። ሁለተኛውም ይህ ነው፤ ልጃችሁ የትምህርት ቤት ቅጽ ይዞ መጥቶ «የእናት ሥራ» ከሚለው መስመር ሲደርስ ብርዑን ከማሳረፉ በፊት ወደ ጓዳ ገባ ብሎ እንዲመለከት ንገሩት። ምን ብሎ እንደሚጽፍ ግን ለእርሱ ተዉለት። የቤት ሥራው ይሁን።